ጠበል የጠጣች መኪና

አሁን ማንኩሳን አልፋ ወደ ቡሬ የሚወስደውን ዳገት ሳታጉረመርም ስትወጣ ያየ ሰው፣ «እንዴ! ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ብሎ ቆሞ ያያታል። ባለ ጋሪዎቹ እንኳ ፈረሳቸውን ያዝ አድርገው ያሳልፉኛል። ትንሽ ናት፤ ቁመቷ ከወገቤ አይበልጥም። እንግሊዝ አገር የተሠራች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነች የድሮ የስፖርት መኪና ናት። ሰው መልኳን ያደንቃል። እኔ የማደንቀው ከኮፈኗ ስር ያለውን ሞተርና እሱን የሠሩትን ሽማግሌ ነው። ይህን የምጽፈው ስለ እኝህ ሰው ነው፤ በእሳቸው ላይ ስለሠራሁት ግፍም ጭምር።

አባቴ ቡሬ ውስጥ የጤና መኮንን ነበሩ። መኪናዋን በጃንሆይ ጊዜ አንድ የእርሻ አማካሪ የነበረ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ። ለምን እንደተወላቸው ሲያወሩ ነገሩ በየጊዜው ይለያያል፤ አንዴ ከወባ አድኜው ነው ይላሉ፣ አንዴ በዳማ አሸንፌው ነው ይላሉ። እናቴ ሁለቱንም አያምኑም። እሳቸው የሚያስታውሱት በሰርጋቸው ማግስት በዚያች መኪና ሲሄዱ ነፋሱ ሻሻቸውን ወስዶባቸው፣ አማቶቻቸው ደጃፍ ራሳቸው ተገልጦ መድረሳቸውን ነው። «ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ተኳርፈናል» ይላሉ።

አባቴ ካረፉ በኋላ መኪናዋ ቡሬ ግቢያችን ውስጥ በቆሎ ከሚሰቀልበት ዳስ ስር ብዙ ዓመት ቆመች። ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ጣለችባት። እኔ ፍኖተ ሰላም ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እናቴ ሲደክሙ ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ላመጣቸው ሄድኩ። ዕቃውን ሁሉ ጭነን ልንነሳ ስንል ወደ ዳሱ ዞር አሉና፣ «እሷንሳ ለማን ትተሽ ነው?» አሉኝ። እኔ መቼም ሰው ተዪው ሲለኝ ነው የሚብስብኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ «ለብረት ሰብሳቢ ሽጪያት» ሲለኝ እልህ ያዘኝ። በጭነት መኪና አስጭኜ፣ በገመድ አሳስሬ፣ ዶሮዋንም አስወርጄ አመጣኋት።

የወሰድኳት ጋራዥ ፍኖተ ሰላም ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጁም ጋሪውም በፊቱ ሲተራመስ ይውላል። በአንድ ግቢ አራት መካኒኮች ይሠራሉ። ሦስቱ ጎልማሶች ናቸው፤ ጎበዞች፣ ግን ችኩሎች። ኮፈኑን ገና ሲከፍቱት፣ «መምህርት፣ ይሄን አሮጌ ሞተር አውጥተን እንጣለውና የጃፓን እንግጠምልዎ። በሳምንት ይነዷታል» አሉኝ። እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

አራተኛው፣ ከግቢው ጥግ እጃቸውን በላምባ ሲታጠቡ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። መጡና «እስቲ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ጎንበስ አሉ። መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ።

«ለመሆኑ ታሟል ወይስ ሞቷል?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ሳይታወቅ ይቀበራል እንዴ?»

ሦስቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መኪናዋ በዚያው የእሳቸው ሆነች።

በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ጀምረው ነበር፤ ዜማ ላይ ሲደርሱ ደብረ ማርቆስ አንድ መካኒክ ቤት በር ላይ ቆመው ሞተር ሲፈታ አዩና በዚያው ቀሩ። ዜማው ግን አልተዋቸውም። እጃቸው ሥራ ሲፈታ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ብረት ሲይዝ ቀጥ ይላል። በወር በዓላት፣ ለሚካኤል፣ ለማርያም፣ ለመድኃኔ ዓለም፣ ሰማይ ቢደፋ ብረት አይነኩም። በሌላው ቀን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ወገባቸውን አያቀኑም።

ሞተሩን ክረምቱን ሙሉ ነበር የፈቱት። እያንዳንዱን ቡሎንና ዳዶ በወጣበት ቅደም ተከተል የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ይደረድራሉ፤ ከመካከሉ አንዱን ብነካ «ተዪው! ተራውን አታሳቺው» ብለው ይቆጡኛል። ሞተሩ በእርጅና ውስጡ ተበልቶ ስለነበር ባሕር ዳር ልከው አስፍተው አስቀረጹት። ከዚያ ሰፋ ያለ ፒስተን ከሌላ ዓይነት መኪና ፈልገው፣ ለክተው፣ ሞርደው አገቡለት። ጉልበቷ ከድሮው እንዲበልጥ አደረጉ እንጂ የድሮውን ብቻ አልመለሱም። የፊት ፍሬኗን አሮጌውን ዓይነት ጥለው የዘመኑን ገጠሙላት፤ ራዲያተሯን ሌላ ሽፋን ጨምረው አሰፉት፤ ውሃው ሲፈላ የሚጠራቀምበት ነጭ ጎድጓዳ ዕቃም በጎኑ አሰሩለት። መንገዱ ሲዘጋ ዕቃ አይመጣም፣ ሥራው ይቆማል፤ ሲከፈት በሚኒባስ ሹፌር እጅ አንድ አንዱ ይደርሳል። እሳቸው አንድ ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። እኔ ግን እንኳንስ በእሳቸው በራዲያተሩም ላይ እጮህ ነበር።

መጀመሪያ አፌን ያስያዙኝ በኤሌክትሪኩ ነው። የድሮ እንግሊዞች የባትሪውን አሉታዊ ጫፍ ሳይሆን አወንታዊውን ነው ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩት፤ ሁሉ ነገር ተገላቢጦሽ ነው። እኔ ስንት ዓመት ኤሌክትሪክ ሳስተምር ይህን አላውቅም ነበር። እሳቸው አንድ ጊዜ አይተው፣ «ይቺማ በግራ እጇ ነው የምትበላ» አሉና ሽቦውን ሁሉ አዙረው አዲስ ኃይል ማመንጫ ገጠሙላት። ሌላ ቀን ደግሞ ከካርቡራተሯ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ሊያጸዱ ወጥተው ከባለ ጋሪ ዘንድ የፈረስ ጭራ ፀጉር ለምነው መጡ። ለምን ሽቦ አይጠቀሙም ስላቸው፣ «ሽቦማ ናሱን ይቦረቡረውና ቀዳዳው ይሰፋል። ፀጉር ግን ቆሻሻውን ብቻ ይዞ ይወጣል» አሉኝ። እንደዚህ ያለ አእምሮ በየጋራዡ ጥግ እንዳለ ሳላውቅ ዕድሜዬን በሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ መፎከሬ አሳፈረኝ።

ያን ሰሞን ግን ስለ እሳቸው የሚወራው ደስ አይልም ነበር። አንድ የጭነት መኪና ሠርተው ከሰጡ በኋላ መንገድ ላይ ዘይቱን ደፍቶ ተመልሷል፤ ከስር ያለውን የዘይት መዝጊያ ማጥበቅ ረስተው ነበር። አንዲት ስህተት ናት፤ ከተማው ግን «ሽማግሌው ደከመ፣ መርሳት ጀመረ» ብሎ አወራባቸው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸውም በየሳምንቱ እየደወለች «አባዬ፣ ይበቃዎታል፣ ይምጡና እኔ ጋ ይረፉ» ትላቸዋለች። አንድ ቀን እነዚያ ሦስቱ እየሰሙ እንዲህ አሉኝ፦

«ስሚ መምህርት፣ እኔ አልዋሽሽም። ያን መዝጊያ መርሳቴ እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ ራሴንም አላምነው። ይቺ መኪናሽ ፈተናዬ ናት። ሳልረሳ፣ ሳላጎድል ከጨረስኳት ገና ነኝ ማለት ነው። ካበላሸሁ ግን ዕቃዬን ለእነዚህ አከፋፍዬ፣ ማቄን ጨርቄን ሳልል ልጄ ጋ እሄዳለሁ።»

«ኧረ በሞቴ! ምን ነካዎት ጋሼ?» አልኳቸው። ቀልድ እንዳልሆነ ግን ከዓይናቸው ያስታውቃል።

ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ የገጠሙበትን ቀን አልረሳውም። ከራሱና ከአካሉ መካከል ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ንጣፍ ይገባል፤ ውሃው ከዘይቱ እንዳይገናኝ የሚለያቸው እሱ ነው። ዳዶዎቹ እኩል ካልጠበቁ ያፈሳል። ኃይል የሚለካ መፍቻ የላቸውም። ምን ያደርጋሉ? ከመካከል ይጀምሩና ወደ ዳር እየወጡ፣ ለእያንዳንዱ ዳዶ ያችኑ አንዲት የዜማ ሐረግ በለሆሳስ እያዜሙ፣ ዜማዋ እስክታልቅ እኩል ይስባሉ። አንድ ዙር ይጨርሱና እንደገና፤ ከዚያም ሦስተኛ። ቆሜ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ምን እንዳስለቀሰኝ እንጃ፤ ብቻ እንዲያ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም።

ከመስቀል በኋላ በአንድ ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። አንድ ጊዜ አስነጠሰች፣ ሁለተኛ ጊዜ ጮኸች፣ በሦስተኛው ልክ እንደ ሰው መተንፈስ ጀመረች። ግቢው በእልልታና በፉጨት ተናጋ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ «ለእናትሽ ውሰጂና አሳዪያቸው። ሰኞ መልሺያት፤ አንድ ጊዜ ደግሜ አይቼ ነው የምለቃት» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ነጭ ለብሰው መኪናዋን ዞሯት። ቢጫ ጀሪካን ከጓዳ አስመጡ፤ ከገዳም የመጣ ጠበል ነው። እኔ የሚረጩላት መስሎኝ ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ረጩ፤ አላበቁም።

«በይ አጠጫት» አሉኝ።

«እንዴት እማዬ?»

«እንዴት ትያለሽ? ሆዱን ያመመው ሰው ጠበል ይጠጣል እንጂ ልብሱ ላይ ይረጭለታል? የታከመችው ሆድ ዕቃዋን አይደለም እንዴ?»

እኔም በልቤ፣ ሞተር ውሃ ይጠጣ የለም ወይ አልኩ። ራዲያተሩ ላይ አንድ ኩባያ ብጨምር ውሃ ከውሃ ጋር ነው፣ የሚጎዳ ነገር የለውም፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ከሞተሩ አናት ላይ የሚያብረቀርቅ ክዳን አለ፤ ጽሑፉ ተፍቆ ጠፍቷል። አላመነታሁም። ከፍቼ ኩባያዋን ገለበጥኩ። ጥርግ አድርጋ ጠጣችው። እናቴ «እሰይ! እሰይ!» አሉ። ከዚያ ሻሻቸውን አገጫቸው ስር ሁለት ጊዜ ቋጥረው ገቡና እስከ ሆስፒታሉ ድረስ ደርሰን ተመለስን። መንገደኛው ሁሉ እያየን ይስቃል፤ እናቴ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ። በዕድሜዬ እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ሰዓት በፊት ይዣት ሄድኩ። ሦስቱም መካኒኮች መጡ። ሽማግሌው ኮፈኑን ከፈቱና ያንን የሚያብረቀርቅ ክዳን ፈተው ገለበጡት። ከውስጡ ነጭ ነገር ተለጥፎበታል፤ እርጎ የመሰለ፣ ወፍራም። ዘይትና ውሃ ሲደባለቁ እንዲያ እንደሚሆኑ መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ ጓርኒሲዮኑ አፍስሷል፣ የተገጠመው ራስ አልያዘም ማለት ነው።

እኔ የማየው ክዳኑን ነበር። የትናንቱን ክዳን። የዘይት ክዳን ኖሯል።

አፌን ልከፍት ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ከሦስቱ መካኒኮች አንዱ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ስለ ሙቀትና ስለ ግፊት ያስተማርኩት። የፊዚክስ አስተማሪዋ ሞተር ጠበል አጠጣች፣ ያውም በዘይት መጨመሪያው! ይህ ቃል ከግቢው ወጥቶ ከሰዓት በፊት ትምህርት ቤት ሲደርስ ታየኝ። ዝም አልኩ።

«ራዲያተሩሳ?» አለ አንዱ።

ሽማግሌው ከፍተው አዩ። «ሙሉ ነው። አንዲት ጣት አልጎደለም» አሉ። ቆም አሉና ግንባራቸውን አሹ። «ከዚህ ካልጎደለ ያ ውሃ ከየት ገባ? ምናልባት ጎድሎ ኖሮ ቅዳሜ እኔው ሞልቼው ይሆናል። ሞልቼው ይሆን? አላስታውስም።»

ሦስቱ ተያዩ። ያቺን አስተያየታቸውን ያኔ አይቻለሁ፤ እሳቸውም አይተዋታል። እኔ «ክፍል ደረሰብኝ» ብዬ ወጣሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ማክሰኞ ቴስታታውን መልሰው አወረዱት። ጓርኒሲዮኑ ድፍን ነው፤ ቅንጣት ጉዳት የለበትም። ቀጥ ያለ ብረት በሞተሩ ራስ ላይ አጋድመው በብርሃን አዩ፤ ጠማማ የለውም። በጣታቸው ዳሰሱ፣ በጥፍራቸው ዳሰሱ። ረቡዕም ያንኑ ሲያደርጉ ዋሉ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ዳቦ ገዝቼ እሄድና አጠገባቸው እቆማለሁ፤ አሁን እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ አንዱ መካኒክ ይመጣና ምላሴ ይታሰራል። ማታ ቤት ገብቼ እናቴ ላይ እጮሃለሁ፣ ወጥ ጨው በዛው እላለሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ጥያቄ ቢጠይቀኝ አንባረቅሁበት። በራሴ ነበር የተናደድኩት፤ የሚቀምሰው ግን ሌላ ሰው ነው።

ሐሙስ ስደርስ ጆንያው ባዶ ነበር። ዕቃቸውን አከፋፍለዋል። መፍቻው ለአንዱ፣ መዶሻውና ሞረዱ ለሌላው፣ መለኪያው ለተማሪዬ። እሳቸው ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ያልታየኝን መዝጋት አልችልም መምህርት» አሉኝ። «አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ምን እንደሆነ አላየሁትም። ራዲያተሩን መሙላቴንም አለመሙላቴንም አላውቀው። ዓይኔም ልቤም ሄዷል ማለት ነው። እነዚህ ይጨርሱልሽ። እሑድ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅር በይኝ።»

ይቅር በይኝ አሉኝ እኮ! እኔን! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቤት ገብቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተቀመጥኩ። እናቴ ምን ሆንሽ ቢሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያሳፈረሽ ጠበሉ ነው ወይስ ስህተትሽ?» አሉኝ።

«ስህተቴ።»

«ታዲያ ያንቺን ስህተት እኝህ ሰው እስከ መቼ ነው የሚሸከሙልሽ?»

በማግስቱ ሚካኤል ነበር። እሳቸው ለሚካኤል ሥራ እንደማይገቡ ስለማውቅ ቤታቸው ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ የታሰረ ሻንጣ አጠገባቸው አለ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ጠበሉን፣ ኩባያውን፣ ክዳኑን።

ከዚያ በጣም ቀስ ብለው፣ «በዘይቱ ክዳን?» አሉ።

«በዘይቱ ክዳን።»

«ራዲያተሩን ሞልቼ አልረሳሁም?»

«አልረሱም ጋሼ።»

እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አውጥተው አዩት፤ አገላብጠው እንደገና አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ትናንት ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን በቃኝ። «ሰኞ፣ ክዳኑን ሲከፍቱት» አልኳቸው።

«ውሃውንስ በግማሽ ቀን አወጣዋለሁ» አሉ። «አራቱን ቀን የሚያወጣልኝ ግን ማነው? አራት ቀን ሙሉ አብጃለሁ ብዬ ነው የዋልኩት ያደርኩት።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ልስም ስል እግራቸውን ሰበሰቡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትከሻዬን ይዘው «ተይ ልጄ» ብለው ያነሡኝ ነበር።

«እኔን አትሳሚ» አሉኝ። «የታማሁት በአደባባይ ነው። ነገ ጠዋት ግቢው መጥተሽ ለእነሱ ንገሪያቸው። ዛሬ ሚካኤል ነው፤ እኔም ብረት አልነካ።»

ዛሬም ሲገርመኝ የሚኖር ነገር ይሄ ነው። ያኔውኑ ተነሥተው ሄደው፣ በሩን አስከፍተው፣ «አያችሁ? እኔ አይደለሁም!» ማለት ይችሉ ነበር። አራት ቀን የተቃጠለ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ለመቃጠል እንዴት ይችላል? እሳቸው ቻሉ። በዓሉንም አከበሩ፣ እውነቱንም ከእኔው አፍ እንዲወጣ ለእኔ ተዉልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞልቶ ነበር፤ ባጃጅ የሚያሠሩም፣ ዝም ብለው የቆሙም። ሽማግሌው ከበሩ ዳር ቆመዋል፤ አላዩኝም፣ አልጠሩኝም። መካከል ገባሁና ጮክ ብዬ፣ «ስሙኝ! የዚህች መኪና ሞተር ምንም አልነበረበትም። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ራዲያተር መስሎኝ በዘይቱ በኩል ጠበል አጠጣኋት። ከሰኞ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ። እሳቸው ምንም አልረሱም፣ ምንም አላጎደሉም» አልኩ።

ከዚያ ተማሪዬ፣ «መምህርት፣ ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም ብለው ያስተማሩን እርስዎ አልነበሩም እንዴ?» ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ባጃጅ ነጂ «ለኔዋም ቅዱልኝ!» ይላል፣ ሌላው «አስቀድሳ ትምጣ በሏት» ይላል። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። «ሳቁ! ሳቁ! ይገባኛል!» አልኩ። እውነትም ይገባኝ ነበር፤ ሰኞ ፈርቼው የነበረው ሳቅ ሲመጣ ያን ያህል አልነበረም። ለዚህ ብዬ ነው ሰው የገደልኩት አልኩ በልቤ።

ሳቁ ሲበርድ ተማሪዬ ወደ ውስጥ ገባ። መለኪያውን በጨርቅ ጠርጎ አመጣና ጆንያው ላይ አኖረው። ሌላው መዶሻውንና ሞረዱን አመጣ። ሦስተኛው መፍቻዎቹን በሙሉ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ልክ እሳቸው እንደሚደረድሩት ደረደራቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ጎንበስ አሉ።

የተበላሸውን ዘይት ደፉ፣ ሆድ ዕቃዋን አጠቡ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አኖሩ። ዳዶዎቹን ሲያጠብቁ ያቺን ዜማ አወጧት፤ በዚያ ቀን ግን በለሆሳስ አልነበረም። ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጠፉ። ሦስት ዙር ሲጨርሱ አንድ ሰው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ሞተሩ ተነሣ። ከዋናው መንገድ ወዲያና ወዲህ ነዷት፤ እንድትሞቅ ብዙ ጊዜ አቆዩዋት፤ ከዚያ አጥፍተው እስክትበርድ ጠበቅን። ማንም ወደ ሥራው አልሄደም። ክዳኑን ፈቱትና ሳያዩት ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«አንቺ እዪው» አሉኝ።

ገልብጬ አየሁት። ንጹሕ ዘይት ብቻ ነው። «ምንም የለም ጋሼ» አልኳቸው። ያኔ ሳቡኝና ትከሻዬን አቀፉኝ፤ ሸሚዜን በዘይት አበላሹት፤ እስከ ዛሬ አላጠብኩትም።

ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡና ልጃቸው ጋ ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«አባዬ! ደህና አደሩ? ነገ መናኸሪያ የሚቀበልዎት ሰው አዘጋጅቻለሁ» አለች።

«አልረሳሁም!» አሉ።

«እ? ምን አሉኝ?»

«አልረሳሁም! ሞልቼው አልረሳሁም!»

«ምኑን አባዬ? ምኑን ነው ያልረሱት?» ትላለች ልጅቱ ግራ ገብቷት። እሳቸው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ «አልረሳሁም እኮ ልጄ! አልረሳሁም!» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።